ኦፕን ሶርስ ውስጥ በፊቸር ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም) ላይ በነፃ የሚሠራ ሰው ጠብ ከደመወዝተኛ ጠብ ይብሳል። ደመወዝተኛ ቢከፋውም ወር መጨረሻን እያሰበ ይችላል። አለቃው "በቃ፣ ይሄ ይሁን" ካለ ደግሞ ወሬው እዚያው ያልቃል። በበጎ ፈቃድ የሚሠራው አለቃም ደመወዝም የለውም። የከፋው ቀን ላፕቶፑን ዘግቶ ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ሳይሰናበቱ ነው የሚሄዱት። ስለ አንድ ፊቸር (የፕሮግራሙ አንድ አገልግሎት) የተነሳ ክርክር ሲበላሽ ፕሮጀክቱ የሚከፍለው ዋጋ ይሄው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ትልልቆቹም ትንንሾቹም ፕሮጀክቶች ውስጥ ደጋግመው የሚታዩ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩን ሳይናገሩ መፍትሔውን ይዞ መምጣት

አንድ የአማርኛ ኪቦርድ ፕሮጀክት አለ እንበል። አንዱ ይመጣና "ሠን ለማውጣት ኤስ ሁለቴ ይመታ" ይላል። ሌላው "የለም፣ በሺፍት ይሁን" ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም አይጥሙትም፤ ፊደሏ ተጭና ስትያዝ ምርጫ ብቅ ይበል ባይ ነው። እንዲህ ሆነው መቶ መልእክት ቢጻጻፉ አይግባቡም። ለምን ቢባል፣ ሦስቱም እያወሩ ያሉት ስለተለያየ ችግር ነው።

የመጀመሪያው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤ ይጽፋል። "ሥራ" እና "ሠራተኛ" ከእጁ አይጠፉም፣ ስለዚህ ፍጥነት ይፈልጋል። ሁለተኛው "ስስት" ብሎ ሊጽፍ ሲል ሁለቱ ኤሶች ተጣብቀው "ሥት" የሚሆኑበት ሰው ነው። ሦስተኛው የሚጽፈው በስልክ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሺፍት ራሱ አንድ ተጨማሪ መንካት ነው። እያንዳንዳቸው መጀመሪያ "እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ነው" ቢሉ ኖሮ የስልኩና የኮምፒውተሩ መልስ አንድ መሆን እንደሌለበት በግማሽ ሰዓት ይገባቸው ነበር።

ስለዚህ ኢሹ (ችግር ወይም ሐሳብ የሚቀርብበት ጽሑፍ) ስትከፍቱ የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ መፍትሔ አይኑር። ምን ልትሠሩ ፈልጋችሁ፣ የት ላይ ተያዛችሁ፣ እስካሁንስ በምን ዘዴ አለፋችሁት? እሱን ጻፉ።

ኮዱን ጨርሶ "እንኩ" ማለት

አንዱ ሁለት ሳምንት ቅዳሜና እሁድን ሰውቶ ሦስት ሺህ መስመር ኮድ ይጽፋል። ከዚያ ፑል ሪኩዌስት (ኮዱ ፕሮጀክቱ ውስጥ እንዲገባለት ጥያቄ) ይልካል። ሜንቴነሩ (ፕሮጀክቱን የሚጠብቀው ሰው) "ይሄ ፕሮጀክቱ ከሚሄድበት መንገድ ጋር አይሄድም" ሲለው ያብዳል። "በነፃ ሠርቼ ሰጥቼ ምስጋናው ይሄ ነው?"

ሊገባን ይገባል፣ ያናድዳል። ግን ነገሩን በሜንቴነሩ ዓይን እዩት። ጸሐፊው ኮዱ መርጅ ከተደረገለት (ከዋናው ጋር ከተቀላቀለለት) በኋላ ሊጠፋ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋል። ባግ (ስህተት) ሲመጣ፣ ፕሮግራሙ የተደገፈበት ላይብረሪ ሲቀየር፣ ተጠቃሚ "ለምን አይሠራም" ብሎ ሲጮህ የሚመልሰው የቀረው ሰው ነው። ፊቸር የሚጻፈው አንዴ ነው፤ የሚጠበቀው ግን ለዓመታት። ክርክሩ ውስጥ ይህን ጥያቄ ራሳችሁ አንሱት፦ ከገባ በኋላ ማን ይይዘዋል? "እኔ እይዘዋለሁ" ብሎ ከዚህ በፊት ሌሎች ትንንሽ ባጎችን ዘግቶ ያሳየ ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይሰማል። ይህ አድልዎ አይደለም።

ከትልቅ ኮድ በፊት አንድ ገጽ ሐሳብ ላኩ። ውድቅ ቢሆን የምታጡት አንድ ምሽት ነው።

ቀላሏ ነገር ላይ መረባረብ

በ1999 ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች አንድ ትንሽ ለውጥ ላይ ተነታረኩ። ነገሩ ስሊፕ የሚባለው፣ ለተወሰነ ጊዜ ቆም የሚያደርገው ትእዛዝ የሰከንድ ክፋይ ይቀበል ወይስ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚል ነበር። ጭቅጭቁ ስለረዘመ ፖል ሄኒንግ ካምፕ የተባለው ዴንማርካዊ ዴቨሎፐር ረጅም ደብዳቤ ጻፈላቸው። እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1950ዎቹ ያነሳውን ምሳሌ አስታወሳቸው። አንድ ኮሚቴ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫን ጉዳይ በደቂቃዎች ያሳልፋል፣ የብስክሌት ማቆሚያ ዳስ ላይ ሲደርስ ግን ቀኑ ይመሽበታል። ማመንጫው ለማንም አይገባም፤ ዳሱ ግን ለሁሉም ይገባል፣ ሁሉም አሻራውን ማኖር ይፈልጋል።

ዛሬ የፕሮግራመር መንደር ውስጥ "ባይክሼድ" (የብስክሌት ዳስ) ከተባለ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ምልክቱ ቀላል ነው። ዳታቤዙ እንዴት እንደሚቀየር የሚያብራራው ክፍል ሁለት አስተያየት አለው፣ የቁልፏ ቀለምና ስም ግን ስልሳ። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ስሟን ይምረጥና ይለፍ። ስም በኋላ ይቀየራል፤ የዳታው አቀማመጥ ግን አንዴ ሰው ከተጠቀመበት አይነካም።

"ሁለቱንም በሴቲንግ እናድርገው"

ይህ ሽምግልና ይመስላል። ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ይሄዳል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ አንድ የማብሪያ ማጥፊያ ምርጫ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም ይፈጥራል። አሥር ሲሆኑ 1024 ዓይነት ይሆናሉ። ማን ይፈትናቸዋል? አንዱ ተጠቃሚ የሚገጥመው ባግ ሰባተኛው በርቶ ሦስተኛው ሲጠፋ ብቻ የሚታይ ይሆንና ሜንቴነሩ "እኔ ጋ ይሠራል" ይላል። ከዚያ ሌላ ጭቅጭቅ።

በሌላ በኩል ግን "ምርጫ አንጨምርም" ማለትም እንደ ሃይማኖት መያዝ የለበትም። ፒጂን የሚባለው የቻት ፕሮግራም በ2008 የጽሑፍ መጻፊያ ሳጥኗን በራሷ እንድትሰፋና እንድትጠብ አደረገ፤ በማውስ ጎትቶ ማስተካከል ቀረ። ሠሪዎቹ የዲዛይን ምክንያት ነበራቸው። ተጠቃሚው ግን የለመደው ነገር ተነጠቀ። ጩኸቱ በረታ፣ ሠሪዎቹም ጸኑ፣ በመጨረሻ አኩራፊዎቹ ፈንፒጂን ብለው ፎርክ አደረጉት (ኮዱን ቀድተው የራሳቸውን ፕሮጀክት ጀመሩ)፤ በኋላ ስሙ ካሪየር ተባለ። በአንዲት የጽሑፍ ሳጥን! እኔ እንደሚመስለኝ ነባር ነገር ሲነሳና አዲስ ነገር ሲጨመር መለኪያው አንድ መሆን የለበትም። ለአዲስ ፊቸር "አይሆንም" ማለት ርካሽ ነው። ሰው እጁ የለመደውን ለመንጠቅ ግን ጠንካራ ምክንያት ያስፈልጋል።

ድምፅ መቁጠር፣ ዝምታንም እንደ እሺታ መውሰድ

የአውራ ጣት (የላይክ) ብዛት ውሳኔ አይሆንም። ሃምሳ ሰው ፊቸሩን ቢወድደውና አንዷ "ይሄ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ያጋልጣል" ብትል፣ አንዷ ትበልጣለች። የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት አይኢቲኤፍ ድምፅ አይቆጥርም፤ ስብሰባ ላይ አዝማሚያውን ለማወቅ ሰዉን "እምምም" ያስብለዋል። ይህ ልማድ ምን ለማለት እንደሆነ በ2014 በጽሑፍ ሲያብራሩ ያስቀመጡት መለኪያ፣ የቀረበው ተቃውሞ መልስ አግኝቷል ወይ የሚል ነው። ተቃዋሚው የግድ ደስ ላይለው ይችላል፤ ግን ተሰምቶ ተመርምሯል።

ብዙ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የያዘው አፓቼ ድርጅትም በኮድ ለውጥ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ማገድ እንዲችል ፈቅዷል። ነገር ግን ቴክኒካዊ ምክንያት ያልተጻፈበት እገዳ አይጸናም። "አልወደድኩትም" አያግድም።

ዝምታው ላይ ደግሞ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። "እሺ ይበልጣል ከሺ" እየተባልን ነው ያደግነው። በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጠን ሰው ሲናገር ስህተቱን እያየን ዝም እንላለን፣ ይሉኝታ ይይዘናል። ጀርመናዊው ወይም አሜሪካዊው ሜንቴነር ይህን አያውቅም፤ ዝም ካላችሁ ተስማምታችኋል ብሎ ያልፋል። መቃወም ድፍረት የሚመስላችሁ ከሆነ በጥያቄ ጀምሩ፦ "ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ ይሄ ምን ይሆናል?" ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፕሮጀክቱን የምትመሩ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻ ቀን ቁረጡና ዝም ያሉትን በግል ጠይቁ።

ክብደቱን ሁሉ አንድ ሰው ላይ መጫን

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም በቀልድ "የዕድሜ ልክ ደጉ አምባገነን" ይባል ነበር። ሰዉ ተከራክሮ ተከራክሮ ሲያቅተው እሱ ይወስናል። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት ሠራ።

በ2018 ፔፕ 572 የሚባል ሐሳብ መጣ። ጉዳዩ አንዲት ምልክት ናት፦ := ይህቺ። ቀድሞ በመጀመሪያው መስመር ለስም ዋጋ ትሰጣለህ፣ በሚቀጥለው መስመር ያንን ዋጋ ትፈትሻለህ። በአዲሱ ምልክት ሁለቱ እዚያው አንድ መስመር ላይ ያልቃሉ። ደጋፊዎች "ድግግሞሽ ይቀንሳል" አሉ። ተቃዋሚዎች "የፓይተን ውበቱ መነበቡ ነው፣ ለአንድ ሥራ ሁለት መንገድ ለምን?" አሉ። ሁለቱም የሚያሳምን ነገር ነበራቸው። ችግሩ የክርክሩ መጠንና ጠባይ ነበር። ያው ነጥብ በተለያየ ቦታ እንደገና ይነሳል፣ የተመለሰው ጥያቄ እንዳልተመለሰ ተደርጎ ይጠየቃል፣ ትችቱ ከምልክቷ ወደ ሰዎቹ ይዞራል።

ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀ። ወዲያው፣ ጁላይ 12፣ ከመሪነቱ እንደሚወርድ ጻፈ። ለአንድ ሐሳብ ያን ያህል ታግሎ፣ በመጨረሻ ብዙ ሰው ውሳኔውን እንደሚጠላ ማየት ሰልችቶት ነበር። ተተኪም አልሾመም፤ "እናንተው ተነጋገሩበት" አለ። የፓይተን ሰዎች ለወራት ቋንቋውን ትተው ስለ አስተዳደር ተወያዩ፤ በዓመቱ መጨረሻ ድምፅ ሰጥተው አምስት አባላት ያሉት ተመራጭ ምክር ቤት እንዲመራቸው ወሰኑ። ምልክቷ በ2019 ኦክቶበር ከፓይተን 3.8 ጋር ወጣች። ዛሬ ሰው እየተጠቀመባት ነው፣ ያልወደደም ይተዋታል።

እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተት ይታየኛል። አንዱ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ሁሌ ወደ አንድ ሰው ሲሄድ ቁጣውም ወደዚያው ሰው ይሄዳል። ሌላው፣ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ክርክሩ አለመዘጋቱ። ፕሮጀክታችሁ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖረውም ገና ሳትጣሉ በፊት ጻፉት፦ ካልተስማማን ማን ይወስናል፣ የተወሰነውስ በምን ሁኔታ ብቻ ነው ዳግም የሚከፈተው? ጠብ መሃል ላይ የሚወጣ ደንብ ለአንዱ ወገን የተሰፋ ይመስላል።

ውድቅ የተደረገውን አለመጻፍ

አጭር ነው። የፓይተን ሐሳቦች ውስጥ "ያልተቀበልናቸው አማራጮች" የሚል ክፍል አለ። እናንተም ይኑራችሁ። አለዚያ በየስድስት ወሩ አዲስ ሰው ያንኑ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፣ ነባሮቹም "ይሄ አልቋል" ብለው ያመናጭቁታል። እሱ ምን ያውቃል?

ፎርክን ማስፈራሪያ ማድረግ

"ካልተቀበላችሁኝ ፎርክ አደርገዋለሁ።" የኮዱ ፈቃድ (ላይሰንስ) ስለሚፈቅድ ማንም አይከለክላችሁም፤ ስለዚህ ማስፈራሪያም አይሆንም። ከማስፈራራት በፊት ግን ሥራውን ቁጠሩት። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት በ2014 ሲስተምዲን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስጀምረውን) ሲመርጥ የቴክኒክ ኮሚቴው ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው ድምፅ ነው ያለቀው። የተቃወሙት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ዴቭዋን የሚባለውን ፎርክ አወጁ። የመጀመሪያው 1.0 የወጣው ግን በ2017 ነው። ሰዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ሆኖም ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ።

ጥሩ የሆነም አለ። በ2014 ዲሴምበር የኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕት ቋንቋን ከብራውዘር ውጪ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ዋና ዋና አስተዋጽዖ አድራጊዎች አዲስ ነገር ቶሎ አይወጣም፣ ውሳኔውም በአንድ ኩባንያ እጅ ነው ብለው አይኦ ጄኤስ የሚባል ፎርክ ጀመሩ። ስድብ ሳያበዙ ኮድ ማውጣት ላይ አተኮሩ። በ2015 ሴፕቴምበር ሁለቱ ተዋሕደው ኖድ 4 ሲወጣ፣ ውሳኔ የሚሰጥበት አሠራር አብሮ የመጣው ከአይኦ ጄኤስ በኩል ነበር።