ሳይሸፈን አሳዩኝ በሉ፦ የጓሮ በረንዳና ፐርጎላ ከሩቅ ለሚያሠሩ

አገር ቤት ያለው ቤታችሁ ጓሮ ላይ በረንዳ ልታስነጥፉ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ፐርጎላም (በቋሚዎች ላይ የሚያርፍ፣ ላዩ ክፍት የሆነ የአግዳሚዎች ጥላ) ልታስተክሉ አስባችኋል እንበል። ሥራው ሲያልቅ ፎቶ ይላክላችኋል። ያምራል። እኔ ፎቶ ላይ የማያምር ንጣፍ አይቼ አላውቅም። ጣጣው ያለው ከንጣፉ ሥርና ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ አንዴ ከተሸፈነ ደግሞ ማንም አያሳያችሁም።

እኔም እንዲሁ ከሩቅ በረንዳ ሳሠራ ፎቶውን አይቼ ቀሪውን ሒሳብ ላክሁ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን ታናሽ እህቴ ደወለች። ውሃው ወደ ግቢው መውረዱን ትቶ የሳሎኑ በር ሥር ተኝቷል። ተዳፋቱ የተሰጠው ወደ ቤቱ ነበር።

ስለዚህ ከውሃው ጀምሩ። ንጣፉ ከቤቱ በራቀ ቁጥር በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በረንዳው 4 ሜትር ከሆነ ዳሩ ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ በዓይን እንኳ በቅጡ አይለይም፣ በስልክ ካሜራማ ጭራሽ። አርማታው ከመሞላቱ በፊት በቪዲዮ ደውሉ። ከበሩ እስከ ዳሩ ክር ይወጠር፣ በውሃ ልክ ይስተካከል፣ ከክሩ ወደ ታች ያለው በሁለቱም ጫፍ በሜትር ይለካ። ቁጥሩን ራሳችሁ እስክታነቡ ስልኩን ያስጠጉት። ግንበኛው ቅር ሊለው ይችላል፤ ይበለው።

የፐርጎላው ቋሚዎች የየራሳቸው መሠረት ያስፈልጋቸዋል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ንጣፉ ከመሞላቱ በፊት ነው። "እሱን በኋላ በብሎን እናስረዋለን" ከተባላችሁ፣ ቋሚው የሚቆመው ስሱ ንጣፍ ላይ ነው ማለት ነው። ቋሚው እንጨት ከሆነ እግሩ አርማታ ውስጥ አይቀበር፣ ይበሰብሳል። በብረት ጫማ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ዋናው ነገር ግን ግድግዳው ነው። የተያያዘ ፐርጎላ ግማሽ ያህል ክብደቱን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። ልስን ምንም አይሸከምም። ክፍት ብሎኬትም ከሆነ ተራ ፊሸር አይይዝም። ሲበሳ ድሪሉ ድንገት ወደ ውስጥ ጥልቅ ካለ ብሎኬቱ ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ አይታሰር። ማሰሪያው ቢሙን (የአርማታ አግዳሚውን) ወይም ኮለኑን (የአርማታ ምሰሶውን) ያግኝ። ግድግዳው ላይ ከሚታሰረው የፐርጎላው ተሸካሚ አግዳሚ በላይ ደግሞ ውሃ ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ ላሜራ ይግባ። ላዩን ወደፊት ክዳን ላልብሰው የምትሉ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ነፋስ ክዳኑን ወደ ላይ ስለሚስበው ማሰሪያውም መሠረቱም ይለወጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ቆሜ የማላየው ሥራ ከሆነ እኔ ከግድግዳው ጋር አላያይዘውም። ከቤቱ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ በራሱ አራት እግር አቆመዋለሁ። ሁለት ቋሚ ይጨምራል፣ ግድግዳውን ግን አይነካም።

ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ይጠየቅ። ለዚህ ውክልና ከሰጣችሁ ለግንባታና ለፈቃድ ጉዳይ ብቻ ይሁን። በረንዳ ለማስነጠፍ "መሸጥ መለወጥ" የሚል ቃል ምን ይሠራል?

ክፍያውንም በሚሸፈኑት ሥራዎች ከፋፍሉት፦ ጉድጓዱ ሲታይ፣ ብረቱ ሲታሰር፣ የግድግዳው ማሰሪያ ሲገባ። አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የመጨረሻዋን ክፍያ ያዟት። ሁሉም ሲያልቅ በሩ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋና ስልኩ ውሃውን ይከተል። ዳሩ ላይ ደርሶ ሲወርድ ካያችሁ ላኩ።