ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ውኃ በሲኒ
ክብደት ለመቀነስ ጨጓራችሁን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሳችሁ፣ ውኃን በቡና ሲኒ ጠጡ። በዚህ ሕክምና በብዛት በሚሠራው ዓይነት ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ስለሚወጣ፣ አንድ ትልቅ ጉንጭ ውኃ እንኳ ያስጨንቃል፣ ያስመልሳል። ሕመሙን የፈራ ደግሞ መጠጣት ይተውና ሰውነቱ ይደርቃል። ጠዋት ሊትር ተኩል ውኃ በጆግ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ አንዱን ሲኒ በሩብ ሰዓት ፉት እያላችሁ ቀኑን ሙሉ ጨርሱት። ከምግብ ጋር አትደርቡት፣ ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ጎጃም ውስጥ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ «በሞቴ» ብሎ ሳያጎርስ መች ይሄዳል! ሲኒው ከእጃችሁ ካልተለየ ግን ልመናው ይቀንሳል። ጠላና አረቄ በሲኒም አይሞከሩ።

ፉት ያላችሁት ሁሉ ከተመለሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሆዳችሁን አጥብቆ ካመማችሁ ሲኒውን ተዉትና ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።