የጡት ካንሰር እየታከሙ ልጅ ማሳደግ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። የሚያሳዝነው፣ እኛ አገር በሽታው የሚይዛቸው ብዙዎቹ ሴቶች ገና ወጣቶች ናቸው። በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ያሏቸው፣ አንዳንዶቹም ገና ጡት የሚያጠቡ። ቀዶ ሕክምናው፣ ኬሞው (የካንሰር ሴሎችን የሚያጠቃው መድኃኒት)፣ ጨረሩ የሚመጣው ቤቱ እናትን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ላለችው እናትና አጠገቧ ላሉት ነው። የማነሳቸው ስህተቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ ብዬ አምናለሁ፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንደሌለ ለማስመሰል ከመጣር። ይህ ጥረት ጉልበት ይጨርሳል። ያው ጉልበት ደግሞ ለመዳንም፣ ከልጆች ጋር ለመሆንም ይፈለጋል።

ለልጆች ምንም አለመናገር

ክፉ ወሬ መደበቅ እኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው። ለታማሚው ለራሱ እንኳ የማይነገርበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ "ልጆቹ እንዳይጨነቁ" ተብሎ ሁሉም ነገር ይሸፈናል።

ግን ልጆች ያያሉ። እናታቸው ቀን ቀን መተኛት ጀምራለች። ስልክ ሲደወል ጓዳ ገብታ ታወራለች። አክስት ከክፍለ ሀገር መጥታ ሰንብታለች። እነሱ ሲገቡ ወሬው ይቋረጣል። ምክንያቱን የሚነግረው ያጣ ልጅ ምክንያት ራሱ ይፈጥራል፤ ትንሽ ልጅ የሚፈጥረው ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ነው። "ስላስቸገርኳት ነው የታመመችው" ብሎ ያምናል። ማንም ሳያውቅለት ወራት ይሸከመዋል።

ለትንሽ ልጅ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ በሽታው በእሱ ጥፋት አልመጣም፤ በመተቃቀፍና አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ አንቺ ስትደክሚ ማን እንደሚያበላው፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣው ታውቋል። ስሙን ጥሪው፤ "ካንሰር ይባላል" በይው። ከጎረቤት ልጅ አፍ ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። ፀጉርሽ የሚረግፈው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ኬሞ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ቀድመሽ ንገሪው። አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸው እያዩ ፀጉራቸውን አስቀድመው ያሳጥራሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ሻሹን ልጅሽ ይምረጥልሽ።

ከባዱ ጥያቄ "ትሞቻለሽ እንዴ?" የሚለው ነው። "አልሞትም" ብለሽ ቃል አትግቢ። "ምን ሟርት ነው የምትናገረው!" ብለሽም አፉን አትዝጊው፤ ሁለተኛ አይጠይቅሽም። "ሐኪሞቹ እንድድን እያከሙኝ ነው። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። አዲስ ነገር ካለ ራሴ እነግርሃለሁ" ማለት ይቻላል። ልጅ የሚፈልገው ነገር ሲለወጥ እንደማይደበቅበት ማወቅን ነው። ለአስተማሪውም ንገሪ። ክፍል ውስጥ መፍዘዝ ወይም መደባደብ ሲጀምር ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ይኖረዋል።

የመጀመሪያዋን ሴት ልጅ ምትክ እናት ማድረግ

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ማንም ሳይወስን ነው የሚሆነው። ልጅቷ 12 ወይም 13 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ታናናሾቿን ታለብሳለች። ቀጥሎ ወጥ ትሠራለች። ከዚያ እናቷ ኬሞ ባላት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ ናት" ይላል፤ ምስጋናው ጎበዝ ሆና እንድትቀጥል ያስገድዳታል። ወንድሟ ግን ኳስ ሜዳ ነው።

ልጆች ማገዝ የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ማገዝ ፍርሃታቸውንም ያቀልላቸዋል። ግን ሥራው ወንድ ሴት ሳይባል ይከፋፈል፤ ለአባትም ድርሻ ይኑረው። ትምህርትና ጥናት ግን የማይነካ ይሁን። ሌላው፣ ሌሊት የሚመጣብሽን ፍርሃት ለእሷ አታካፍዪያት። ለዚያ እህት አለች፣ ጓደኛ አለች፣ የንስሐ አባት አሉ፤ ኬሞ ክፍል አጠገብሽ የምትቀመጠዋ ሴትም አለች። ከእሷ በላይ የሚገባት ሰው ላይኖር ይችላል።

ጠያቂ ማስተናገድ

"እግዜር ይማርሽ" ሊል የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይሸኝም። ስለዚህ ታማሚዋ ራሷ ተነስታ ቡና ታፈላለች። ከሰንበት ቤተ ክርስቲያን መልስ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሁሉም ስለ ሞተች ዘመዱ ወይም ስለ ዳነች ጎረቤቱ ያወራል። ማታ ላይ ልጆቿ እናታቸውን ሲያገኙ ጉልበቷ አልቋል።

ነገሩ ድካም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ብዙዎቹ የኬሞ ዓይነቶች ነጭ የደም ሴልን ያወርዳሉ። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነት ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ አብዝቶ ይቀንሳል። በእነዚያ ቀናት ጉንፋን ይዞት "ላያት ብቻ" ብሎ የሚመጣ ሰው ሊጎዳሽ ይችላል።

መፍትሔው ጠያቂን መከልከል አይደለም፤ መከልከል ባህላችንም አይደለም፣ ሰውም ያስፈልግሻል። በሩን የሚጠብቅልሽ ሰው ይኑር። ባልሽ ወይም እህትሽ ስልክ ያንሱ፤ "እስከ አርብ ትረፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ" ይበሉ። አንቺ ስትይው የሚያሳፍረው እነሱ ሲሉት አያሳፍርም። ቡናውን ጠያቂዎቹ ያፍሉት። "ምን ልርዳሽ?" ለሚል ሰው ደግሞ "ምንም አልፈልግም፣ ጸሎታችሁ ይበቃኛል" አትበይ። እንጀራ የሚጋግር፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ቅዳሜ ልብስ የሚያጥብ ያስፈልግሻል። የእድር ሴቶች ለለቅሶ ሥራ ሲከፋፈሉ ማን ምን እንደሚይዝ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለታመመች እናትም እንዲህ መከፋፈል ይቻላል። አንድ ሰው ይጀምረው እንጂ እምቢ የሚል አይኖርም።

ትኩሳትን "ምች ነው" ብሎ ማሳለፍ

ኬሞ ላይ እያለሽ የሰውነትሽ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካለሽና ካንቀጠቀጠሽ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ዳማከሴ ጠጥቶ መተኛት የለም። ፓራሲታሞል ውጦ ጠዋትን መጠበቅም የለም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሄጃለሽ፤ ኬሞ ላይ መሆንሽንም በር ላይ ትናገሪያለሽ።

እናቶች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም የሚዘገዩት። "በሌሊት ልጆቹን ለማን ትቼ?" ብለው ነው። ስለዚህ መልሱ ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ይዘጋጅ። ሌሊት በሩን ብታንኳኪ ልጆችሽ ጋ የምታድር ጎረቤት ማን ናት? መኪና ያለው ማነው? ቴርሞሜትር ግዢ፤ ከፋርማሲ ይገኛል። የሐኪም ካርድሽንና የቤቱን ቁልፍ የምታስቀምጪበትን ቦታ ባልሽም፣ ያቺ ጎረቤትም ይወቁት። ልጆች ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዘው ስለሚመጡ ሲገቡ በሳሙና መታጠብን ልማድ አድርጊው። በአፍ የሚሰጥ የጠብታ ክትባት የሚወስድ ሕፃን ካለሽ ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪ።

ልጅን ከማቀፍ መሸሽ

"ጨረር ላይ ነኝ፣ ልጄን እጎዳዋለሁ" ብለው ለየብቻ የሚተኙ እናቶች አሉ። ለጡት ካንሰር የተለመደው ጨረር ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ነው። ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ከክፍሉ ወጥተሽ ቤት ስትደርሺ ልጅሽን እቀፊው፣ ሳሚው፣ አብረሽው ተኚ።

ኬሞ ግን ትንሽ ጥንቃቄ አለው። ከተወሰደ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ፣ ትውከት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ሽንት ቤቱም በደንብ ውሃ ይለቀቅበት። ማቀፍን ግን ይህም አይከለክልም። ጡት ማጥባት ግን ይቆማል፤ መድኃኒቱ በወተት ይተላለፋል። ይህ ለብዙ እናቶች ከፀጉሩም በላይ ያማል፣ ልቅሶውም ተገቢ ነው።

ከብብት እጢ ከወጣልሽ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ሕፃን አንጠልጥሎ መሄድ፣ ጀሪካን ማንሳት መጀመሪያ ላይ ይቅር። አንቺ ተቀመጪና ልጁ ራሱ ወጥቶ ጭንሽ ላይ ይቀመጥ። ክንዱን ጨርሶ አለማንቀሳቀስም ጉዳት አለው፤ ሐኪም የሚያሳይሽን እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ሥሪ። ምጣድ ላይ እንዳያቃጥልሽም ተጠንቀቂ፤ በዚያ ክንድ ላይ ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል።

መጨረሻ ላይ መብላት

እናት ቤተሰቡን አብልታ ከልጆች የተረፈውን ትቀማምሳለች። ጤነኛ ሆና የለመደችውን ታማም ትቀጥላለች። የማቅለሽለሽ ስሜት ሲጨመርበት ሰውነቷ ያልቃል፤ ክብደቷና ደሟ ሲወርድ ደግሞ ኬሞው ሊራዘም ይችላል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ይሻላል፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አጥሚት። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎና ያልፈላ ወተት ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆዩ።

ስለ ጾም የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። ለሙስሊም እናትም ቁርዓን ለታመመ ሰው የረመዳንን ጾም በሌላ ጊዜ እንዲጾም ይፈቅድለታል። ጸበልም ቢሆን መድኃኒት ከመውሰድ ጋር አይጣላም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ሁለቱን አብረው እንዲያስኬዱ አስተምራለች። የሚያሳዝነው ኬሞ አቋርጠው ሄደው እብጠቱ ከተስፋፋ በኋላ የሚመለሱት ናቸው። ሽፈራውም ሆነ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ።

"ገንዘቡ ለልጆቹ ይሁን" ብሎ ሕክምና መተው

ይህን የምትል እናት ፍቅሯ አያጠያይቅም። ግን ከመወሰንሽ በፊት ያሉትን በሮች ሁሉ አንኳኪ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆንሽ ምን እንደሚሸፍንልሽ ቀበሌሽን ጠይቂ። በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ፈቃዱን በተከታታይ መውሰድ ግዴታ አይደለም። ኬሞው በየ21 ቀኑ ከሆነ ከፋፍለሽ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። የሐኪም ማስረጃ ብቻ አይጥፋብሽ።

የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁንም ከክፍለ ሀገር መጥተው አዲስ አበባ ለሳምንታት የሚቆዩ እናቶች አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው፤ ሆቴል ከመያዝሽ በፊት ጠይቂ።

ጨረሩ ሲያልቅ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት

ቤተሰቡ "እንኳን ጨረስሽ" ብሎ ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን መልሶ ያስረክብሻል። ድካሙ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ስንፍና አይደለም። የተከፋፈለው ሥራ እንደተከፋፈለ ይቆይ፣ አንድ አንድ እያልሽ መልሰሽ ትወስጃለሽ።

ካንሰሩ በሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ሕመም ስለማይሰማ ብዙዎች ይዘነጉታል። ከልጆቹ ቁርስ ጋር አያይዢው። ክኒኑ ላይ እያሉ ማርገዝ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ሆርሞን ያላቸው መርፌና ክኒኖች ደግሞ አይመከሩም። ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም አማራጭ ነው። ሌላ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ታሞክሲፌኑን በራስሽ ከማቆምሽ በፊት ከባልሽ ጋር ሆናችሁ ሐኪምሽን አነጋግሩ፤ መቼ ሊቆም እንደሚችልና ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል።