በድሃ ሰፈር ማኅበራዊ አገልግሎት ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከዘነበወርቅ የተማርኩት

አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አለርት ሆስፒታልና የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ በፊት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲቋቋም ሕክምና ፍለጋ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ፣ ከጉራጌ የሚመጣው ሰው በረከተ። ታክሞ የዳነውም ብዙው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የሚቀበለው አልነበረምና። በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ ተጋባ፣ ልጅ አሳደገ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚሰማው፣ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ እኩል የሚደርሰው ለዚህ ነው።

በዚህና በመሰል ሰፈሮች ለዓመታት በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ሌሎች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ጥቂቶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለቤት ለቤት ጉብኝት ስትወጣ አብሬያት ነበርኩ። እማማ የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ እኛ አማርኛ። መካከላችን አሥር ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸው ቆማለች። ባለሙያዋ «ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ አያቷን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ከዚያም «የለም» አለች። አያቷን ግን አልጠየቀቻቸውም። እንዴት ትጠይቃቸው?

እማማ የሕክምና ክትትል ሳያገኙ ወራት አለፉ። ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም፤ ያንን ጥያቄ በእሷ ትከሻ ላይ የጫንነው እኛ ነን። ጎረቤት ጠርቶ ማስተርጎምም ከዚህ አይሻልም፤ የግቢው ሰው ሁሉ ምሥጢሩን ይሰማዋል። ደግሞ አማርኛ የሚችል የሚመስለን ሰው ሁሉ አይችልም፤ ሽንኩርትና በርበሬ ለመግዛት የሚበቃ አማርኛ ሕመምን ለመናገር አይበቃም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። የትኛው ሠራተኛ የትኛውን ቋንቋ እንደሚችል ጠይቃችሁ ዝርዝሩን በሩ ላይ ለጥፉት። የጎደለውን ቋንቋ የሚችል አዋቂ ሰው ፈልጉ፤ የተባለውን ሁሉ እንዲናገር፣ ከራሱ እንዳይጨምር፣ የሰማውን ወደ ውጭ እንዳያወጣ አስረዱት፤ ለጊዜውም ክፈሉት።

ሰው ከመመዝገቡ በፊት ወረቀቱ ሁሉ እንዲሟላ መጠበቅ

በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ አዛውንት ወረፋቸው ደርሶ ቀረቡ። መዝጋቢዋ የቀለሙን ሣጥን ገፋ አድርጋ «አባባ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ይጫኑ» አለቻቸው። አዛውንቱ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። አውራ ጣት አልነበራቸውም። ግራቸውንም አወጡ። መዝጋቢዋ ልጅ ደነገጠች፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ማንም ምን ማድረግ እንዳለባት አልነገራትም። «ኃላፊው ሲኖሩ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ በሆነበት ሰፈር እንኳ መታሰብ ነበረበት፤ በሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ሰፈር ሳይታሰብ መቅረቱ ግን ያሳዝናል። አሻራ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚፈርም፣ ስንት ምስክር እንደሚያስፈልገው፣ ማን እንደሚያጸድቅለት አስቀድሞ ተጽፎ በመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ፋይዳ መታወቂያ ከጣት አሻራ ሌላ የዓይን ብሌንና የፊት ምስልም ይወስዳል፤ ስለዚህ ጣት አለመኖር ለመመለስ ምክንያት መሆን የለበትም። መሣሪያውን የያዘው ሠራተኛ ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ከአሻራው ቀጥሎ የሚመጣው መልቀቂያ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ፊቱን ሸፍኖ ሌሊት ከቀዬው የወጣ ሰው «ከነበርክበት ቀበሌ መልቀቂያ አምጣ» ሲባል ምን ያድርግ? ወላጆቹ ሞተዋል፣ ወንድሞቹ መኖሩን አያውቁም፣ የቀበሌው ስምም ተቀይሯል። መታወቂያ ከሌለው ደግሞ የጤና መድኑም ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ፕሮግራምም ይዘጋበታል፤ ለድሃ የተዘጋጀው ሁሉ ለዚህ ድሃ አይደርሰውም። ደብዳቤ መጻፍ ካስፈለገ ቢሮው ለቢሮ ይጻፍ። ሠላሳ ዓመት አብረውት የኖሩ ጎረቤቶች ቃላቸውን ሰጥተው በቃለ ጉባኤ ይያዝለት። ባለጉዳዩን የመልእክተኛ ሥራ ማሠራት አገልግሎት አይባልም።

እግርን ሳያዩ ሥራ መመደብ

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሁለት መንገድ ተዘረጋ፦ መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራል፣ የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ክፍፍሉ በጎ ነው። ችግሩ «መሥራት ይችላል» የሚለውን በዓይን ግምት የወሰንን ጊዜ ይመጣል።

የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ የደነዘዘው እግር ግን ብዙ ጊዜ ደንዝዞ ይቀራል። በአካፋ ሥራ የተመደበ አንድ ጎልማሳ አውቃለሁ። ጠንካራ ነው፤ «እሠራለሁ» ያለውም ራሱ ነው፤ ምጽዋት የሚመስል ነገር መሮት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው «ጫማህ ረጥቧል» አለው። ጫማውን ሲያወልቅ ምስማር ሶሉን ዘልቆ ተረከዙ ውስጥ ገብቷል፤ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ሲረግጠው ውሏል። አላመመውም። ቁስሉ አጥንት ድረስ ዘለቀና ወራት አስተኛው።

«ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ይግባ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እሱ የፈለገው ግን ሥራ ነበር። ችግኝ ማፍላት፣ ሰዓት መቆጣጠር፣ መሣሪያ ማስረከብና መረከብ የመሳሰሉ ሥራዎች ነበሩ። አካፋ መያዝ ግድ ከሆነ እጀታውን በጨርቅ መጠቅለል ይቻላል። ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ እንዲያገኝ ወደ ሆስፒታሉ መላክም ይቻል ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሲለቀቁ ጫማቸውን አውልቀው እርስ በርስ እግራቸውን እንዲተያዩ ማድረግ አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ይህን የነገሩኝ ሐኪሞች ሳይሆኑ ከበሽታው ጋር ብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ የዚያ ሰው ተረከዝ ይተርፍ ነበር።

ቀጠሮን በቢሮ ሰዓት ብቻ መያዝ

አንድ ጊዜ የምክክር ስብሰባ ወር በገባ በ21 ጠዋት ጠራን። ከስድሳ ሰው ሰባት መጡ። በሪፖርቱ ላይ «የኅብረተሰቡ የተሳትፎ ፍላጎት አነስተኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ። በ21 ማርያም ናት፤ በምጽዋት የሚተዳደሩት እናቶችና አባቶች ያን ጠዋት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው የሚውሉት። የዚያ ቀን ገቢ የሳምንት ዳቦ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ ዓርብም በመስጊድ በር እንዲሁ ነው። ከቆሻሻ ላይ ፕላስቲክና ብረት የሚለቅመው ወጣት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመለስ ቢሮው ተዘግቷል። ቀኑን ከሰዎቹ ጋር ቁረጡ፤ ሌላ ብልሃት የለውም።

አንድ ሽማግሌ ጠርቶ «ማኅበረሰቡን አወያየን» ማለት

እድርን አለፍ ብሎ መሥራት ጥፋት ነው፤ በእድር ብቻ መሥራትም ጥፋት ነው። እድሩ ማን እንደታመመ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ያውቃል። ሆኖም ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው፣ በደባልነት የተጠጋው፣ ገና ከገጠር የመጣው፣ ቋንቋው የተለየው በእድሩ መዝገብ ላይ የለም። በጣም የተቸገረው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። የእድሩን ሊቀ መንበር ካነጋገራችሁ በኋላ የሴቶቹን እድር፣ ከዚያ ቧንቧ ላይ ጀሪካን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁትን አነጋግሩ። የቧንቧው ወረፋ ከስብሰባው አዳራሽ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ ሟቾቹ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ የሰፈሩ ተወላጅም ትናንት የመጣም ነበሩ። ማን እንደጠፋ ለማወቅ ከየትኛውም ፋይል በላይ የሚታመነው የጎረቤት ቃል ነበር።

በስምና በማስታወቂያ ማቁሰል

«ቆማጣ» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ባለሙያ ዛሬ ቁጥሩ ቀንሷል። ነገር ግን የቢሮ በር ላይ በትልቁ «የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ምዝገባ» ብሎ መለጠፍ፣ ለልጆች በሚታደል ቦርሳ ላይ ይህንኑ ማተም ዛሬም አለ። ሕክምናው ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወስዳል፣ በነጻ ነው፣ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። ልጆቹ ደግሞ ሕመሙን አያውቁትም። ለሥራ ሲወዳደሩ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባሉ የሌላ ሰፈር ስም የሚናገሩ ወጣቶች አሉ። እኛ ያደልነው ቦርሳ ያንን እፍረት እየጨመረ ከሆነ ቢቀርባቸው ይሻላል።

የሰጠነውን ብቻ መቁጠር

የየወሩ ሪፖርት ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ብርድ ልብስ ታደለ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ለአንድ ፊርማ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አይጠይቅም። እኔ በግል ደብተሬ ላይ «የተመላለሱበት ብዛት» የሚል ዓምድ አሰመርኩ፤ ሰው መስኮቱን ለቅቆ ሲሄድ እጠይቅና እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መስመር የእኚያ አውራ ጣት የሌላቸው አዛውንት ነው። አራት ይላል፤ አራቱንም በእግራቸው።