ኮምፒውተራችሁ ኮሮቹን በሙሉ አላይም ካለ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ስምንት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ገዝታችኋል፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስራውን የሚሰራው ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ ግን አራት ይላል። ወይ ሁለት። አንዳንዴም አንድ ብቻ። ለሰው ስታማክሩ የሚመጣው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!»

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ፎርማት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ግማሽ ቀን ፈጅታችሁ፣ ፋይል ገልብጣችሁ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጭናችሁ ስትጨርሱ ቁጥሩ ያው አራት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ኮር የሚጎድለው ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ አይደለማ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፣ ማዘርቦርዱ ላይም ችግር ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ አቆጣጠሩ ነው የተምታታው። ስለዚህ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ቁጥሩ የት ቦታ ላይ እንደቀነሰ ነው። መጠገኑ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

1. ስንት መሆን እንዳለበት እወቁ

የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ስም አግኙ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ተጽፏል። «አይ7 ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሰባቱ የኮር ቁጥር አይደለም። ለምሳሌ የላፕቶፑ ኮር አይ7 7500ዩ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። ከአይ7 በኋላ የሚመጣውን ቁጥርና ፊደል ጨምራችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ።

እዚያ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ ኮር እና ትሬድ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ትሬድ አንድ ኮር ጎን ለጎን የሚይዘው ስራ ነው፤ ብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ አንድ ኮር ሁለት ይይዛል። ዊንዶውስም ያንን አንድ ኮር እንደ ሁለት «ሎጂካል ፕሮሰሰር» ይቆጥረዋል። ኢንቴል ይህን ሃይፐር ትሬዲንግ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤስኤምቲ። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር እና 12 ትሬድ አለው። ኮር አይ7 9700ኬ ግን ስምንት ኮር፣ ስምንት ትሬድ ነው። «የኔ ለምን 16 አይልም?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ሲሰራም እንደዚያው ነው።

ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ተወሳስቧል። ኮር አይ7 12700ን ውሰዱ። ስምንት ትልልቅ እና አራት ትንንሽ ኮር፣ በድምሩ 12 ኮር አለው። ትልልቆቹ ሁለት ሁለት ትሬድ ይይዛሉ፣ ትንንሾቹ አንድ አንድ። ስለዚህ ትሬዱ 24 ሳይሆን 20 ነው። ኮር አልትራ 9 285ኬ ላይ ደግሞ ሃይፐር ትሬዲንግ ጭራሽ የለም፤ 24 ኮር፣ 24 ትሬድ። «ኮሩን በሁለት አባዛው» የሚባለው የድሮ ሂሳብ አሁን አይሰራም።

አንድ የቆየ ፕሮሰሰር ደግሞ ለብቻው መጠቀስ አለበት፦ የኤኤምዲ ኤፍኤክስ 8350። የተሸጠው በስምንት ኮር ነው። ዊንዶውስ 10 ግን አራት ኮር፣ ስምንት ሎጂካል ፕሮሰሰር ብሎ ያሳየዋል፤ ኮሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዳንድ ክፍላቸውን ስለሚጋሩ ነው። ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ በ2015 ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2019 ኤኤምዲ 12.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው ያለቀው። እናንተም ይህ ፕሮሰሰር ካላችሁና አራት የሚል ካያችሁ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም።

2. ዊንዶውስ የሚያየውን ቁጠሩ

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ። ከግራፉ ስር «ኮርስ» እና «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ከላይ ካገኛችሁት ጋር አስተያዩ። ሁለቱም ከገጠሙ ጨርሳችኋል፣ ችግር የለም።

«ግን አንድ ግራፍ ብቻ ነው የማየው» የሚል ይኖራል። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ሎጂካል ፕሮሰሰርስ ቀይሩት፣ ይከፋፈላል። ሪሶርስ ሞኒተር በሚባለው የዊንዶውስ መሳሪያ ላይ «ፓርክድ» የሚል ካያችሁም አትደንግጡ። ስራ ስለሌለ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ያረፈ ኮር ነው። አንዱ ኮር ብቻ መቶ በመቶ ሲሰራ ሌሎቹ ተኝተው ካያችሁ ደግሞ ጣጣው የፕሮግራሙ ነው። ብዙ ፕሮግራም ስራውን ማከፋፈል አይችልም።

ቁጥሩ በእርግጥ ካነሰ ወደ ታች እንቀጥል።

3. ያቺን ሳጥን አረጋግጡ

በኔ ግምት ኮር «የሚጠፋበት» ዋናው ቦታ ይሄ ነው፣ ሰው በራሱ እጅ ስለሚያደርገው። «ኮምፒውተራችሁን በአምስት ደቂቃ አፍጥኑ» የሚሉት ቪዲዮዎች የማይነኩት ነገር የላቸውም፣ ይህችን ደግሞ ይወዷታል።

የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ጋር ተጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤምኤስኮንፊግ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ቡት የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ። ግራ በኩል ከላይ «ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ» የሚል ጽሁፍ፣ አጠገቡ ትንሽ ሳጥን፣ ከስሩ ደግሞ ቁጥር ታያላችሁ።

አሁን ልብ በሉ። ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ከሌለ ቁጥሩ ደብዝዞ 1 ይላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ለካ ዊንዶውስ በአንድ ኮር ነው የሚሰራው!» ብሎ ይደነግጣል፣ ሳጥኑን ምልክት ያደርግና ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። ይህ ምንም አያፈጥንም። የደበዘዘው 1 ትርጉም የለውም፤ ምልክት ከሌለ ዊንዶውስ ያለውን ሁሉ ይጠቀማል። ምልክት ስታደርጉ ግን «ከዚህ ቁጥር አትለፍ» ማለታችሁ ነው። ዛሬ አራት ላይ ከገደባችሁትና ነገ ስምንት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ብትቀይሩ ወይም ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ማሽን ላይ ብትገጥሙት፣ ገደቡ አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ማሽንም አራት ይላል።

ስለዚህ ምልክት ካለ አጥፉት። እግረ መንገዳችሁን «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለውንም እዩ፤ እሱም ምልክት ካለው ራም ይቆርጣል፣ አጥፉት። ኦኬ፣ ከዚያ አፕላይ፣ ከዚያ ሪስታርት። ሻት ዳውን አድርጎ መልሶ መክፈት ሪስታርትን አይተካም። ፋስት ስታርታፕ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

4. ኮር የሚዘጉ ፕሮግራሞችን አስታውሱ

ራይዘን ማስተር የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮግራም ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ጌም ሞድ የሚለው ምርጫው አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ግማሹን ኮር ይዘጋል፤ ስሙን አይቶ ፍጥነት የጠበቀ ሰው ግማሹን ያጣል። ወደ ዲፎልት መልሱትና ሪስታርት አድርጉ። ፕሮግራሙን ለማጥፋት ካሰባችሁ መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ አጥፉ።

ኢንቴል 12ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የሆኑ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ለድሮ ጌሞች ተብሎ የተሰራ ባዮስ ውስጥ ያለ ምርጫ አለ፣ «ሌጋሲ ጌም ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» ይሉታል። እሱ በርቶ ስክሮል ሎክን ስትጫኑ ትንንሾቹ ኮሮች ስራ ያቆማሉ። ማንም የማይጠቀምባት ቁልፍ ድንገት ስራ አግኝታለች።

5. ዊንዶውስን ከጨዋታው አውጡት

እስካሁን ካልተገኘ አሁን የሚያስፈልገው ዳኛ ነው። ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራ የሊኑክስ አይነት) ጫኑና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱት። ኢንስቶል አታድርጉ፣ «ትራይ» የሚለውን ብቻ ምረጡ፣ ዲስካችሁ አይነካም። ተርሚናል ክፈቱና ኤል፣ ኤስ፣ ሲ፣ ፒ፣ ዩ የሚሉትን አምስት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሳትነጣጥሉ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። የሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ)፣ የኮርና የትሬድ ብዛት ይዘረዝርላችኋል።

ሊኑክስ ሁሉንም ካየ ፕሮሰሰሩም፣ ማዘርቦርዱም፣ ባዮሱም ነጻ ናቸው። ጥፋቱ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ሳጥኗ ባዶ ሆና፣ ፕሮግራሞቹም ተመልሰው ዊንዶውስ አሁንም ካልቆጠረ፣ ፎርማት ማድረግ አሁን ተገቢ ነው። ሊኑክስም ያንኑ ትንሽ ቁጥር ካለ ግን ዊንዶውስን ተዉት፣ መቶ ጊዜ ብትጭኑትም አይለወጥም።

6. ባዮስ

ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራበት ኮምፒውተር ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን አስቀድማችሁ አግኙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ባዮስ ሲነካ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የምታገኙትን ገጽ ሁሉ ሳትነኩት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ10 ነው። አድቫንስድ ውስጥ፣ ሲፒዩ ኮንፊገሬሽን በሚል ስም የተቀመጠውን ገጽ ፈልጉ። የምታዩዋቸው ስሞች እንደ አምራቹ ይለያያሉ፦ «አክቲቭ ፕሮሰሰር ኮርስ»፣ «አክቲቭ ኢ ኮርስ»፣ «ሃይፐር ትሬዲንግ»፣ «ኤስኤምቲ ሞድ»፣ «ዳውንኮር ኮንትሮል»። ኮር የሚመለከቱት «ኦል» ወይም «ኦቶ» ላይ ይሁኑ፣ ሃይፐር ትሬዲንግ ደግሞ «ኢኔብልድ»። የጎደለው ኮር ሳይሆን በትክክል ግማሹ ሎጂካል ፕሮሰሰር ከሆነ፣ ሃይፐር ትሬዲንግ ወይም ኤስኤምቲ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ያልገባችሁ ነገር ከበዛ «ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ» የሚል አለ፣ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ይመልሳል። ችግሩ የዲስኩንም አሰራር ሊቀይረው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አልነሳም ይላል። ፎቶው የሚጠቅመው ያኔ ነው፦ የስቶሬጁን ሴቲንግ እንደነበረው መልሱት።

ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ በፊት የወጣ ከሆነ ባዮሱን ማደስ ይኖርባችኋል። የቆየ ባዮስ አዲስ ፕሮሰሰርን በደንብ ላያውቀው ይችላል። ፋይሉን ከማዘርቦርዱ አምራች ብቻ፣ በትክክለኛው ሞዴል ስም አውርዱ። እየታደሰ ሳለ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ኤሌክትሪኩ በማያስተማምን ሰዓት አትጀምሩ።

7. ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በፕሮግራም የሚሰራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። እዚህ ጋር ወጥመዷ ሌላ ናት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሆም የሚቀበሉት አንድ ሶኬት ነው፣ ፕሮ ደግሞ ሁለት። ለማሽኑ ስምንት ፕሮሰሰር ስትሰጡ ፕሮግራሙ «ስምንት ሶኬት፣ እያንዳንዱ አንድ ኮር» አድርጎ ካቀረበው፣ ሆም አንዱን ብቻ፣ ፕሮ ሁለቱን ብቻ ይወስዳል። ማሽኑን አጥፉና «አንድ ሶኬት፣ ስምንት ኮር» አድርጉት። ያው ስምንት ነው፣ አሁን ግን ሁሉም ይታያሉ።

8. ሃርድዌር

ባዮሱ ራሱ፣ ሁሉም ነገር «ኦቶ» ላይ ሆኖ፣ ታድሶም ትንሽ ቁጥር ካሳየ፣ መጀመሪያ ስሙን አንብቡ። ባዮስ የሚያነበው የፕሮሰሰሩን የውስጥ ስም ነው። ከላዩ ላይ የተጻፈው ጽሁፍ ግን ተፍቆ እንደገና ሊጻፍ ይችላል፤ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ይህ ይደረጋል። ሁለቱ ካልገጠሙ የገዛችሁት ዕቃ የተባለው አይደለም። የጎደለ ኮር የለም፣ ድሮውንም አልነበረም።

ተቃራኒውም አለ። በ2009 አካባቢ የኤኤምዲ ፌኖም 2 ኤክስ2 እና ኤክስ3 ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ አራት ኮር ሆነው ተሰርተው ከፊሉ ተዘግቶ ነበር የሚሸጡት። ሰው ባዮስ ውስጥ እየገባ በነጻ ይከፍታቸው ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ሴቲንጉ ሲጠፋ፣ ተከፍተው የነበሩት ኮሮች ተመልሰው ይዘጋሉ። ባትሪውን ቀይራችሁ ምርጫውን እንደገና አብሩት።

ሁለት ሶኬት ያለው ማሽን ላይ የጎደለው በትክክል ግማሹ ከሆነ፣ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የራሱ ስምንት ፒን የኤሌክትሪክ ገመድ ተሰክቶለት እንደሆነ እዩ። የሚረሳ ገመድ ነው።

የቀረው ነቅሎ ማየት ነው። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ማቀዝቀዣውን አንሱ፣ ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ይዛችሁ አውጡት። ኢንቴል ላይ ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 ላይ ፕሮሰሰሩ ስር ናቸው። በስልክ መብራት ከጎን እያያችሁ የተጣመመ ፒን ፈልጉ። ከሌለ መልሳችሁ አስቀምጡት፣ ማቀዝቀዣው ስር አዲስ የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ቀቡና እንደገና ሞክሩ።

ያም ካልሰራ ፕሮሰሰሩን ሌላ ማዘርቦርድ ላይ ሞክሩት። እዚያ ሙሉ ከሆነ ማዘርቦርዱ ነው የሚቀየረው። እዚያም ከጎደለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ዋስትናው ካላለፈ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱት።