ኒኮቲን ብግነት ያበርዳል ብሎ ሲጋራ መለኮስ እና ሌሎች ስህተቶች

«ኒኮቲን ብግነት ያበርዳል ተብሏል እኮ፣ ባጨስ ምን አለበት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብግነት ማለት ሰውነት ሲጎዳ ወይም ጀርም ሲገባበት የሚመጣው መቅላትና ማበጥ ነው። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይ አልፋ 7 የሚባል ተቀባይ አለ፤ አንጎል ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሲያርፍበት ሴሉ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን ማምረቱን ይቀንሳል። ኒኮቲንም እዚያው ያርፋል። በ2003 በወጣ ጥናት፣ ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ቫገስ የሚባለው ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ነርቫቸው በኤሌክትሪክ ቢነቃቃም ቲኤንኤፋቸው አልወረደም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ግን ሲጋራ ኒኮቲን ብቻ አይደለም፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ አጫሾችን ነው አብዝቶ የሚይዘው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ቫገስ ነርቭ ወርዶ ማክሮፌጁን በቀጥታ የሚነካው ይመስለናል። ጣፊያ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ጣፊያ የሚገባው ነርቭ የሚለቀው አሴቲልኮሊን ሳይሆን ኖርኤፒነፍሪን የሚባል ሌላ መልእክተኛ ነው። እሱን ቤታ 2 በሚባል ተቀባዩ የሚቀበለው ቲ ሴል የሚባል ሌላ የመከላከያ ሴል ነው፤ ከዚያ ቲ ሴሉ ራሱ አሴቲልኮሊን ሠርቶ ለማክሮፌጁ ያቀብላል። ይሄ በ2011 ሲታወቅ ብዙዎችን አስገርሟል፣ የደም ሴል የነርቭን ሥራ ሲሠራ ማን ጠበቀ? ቫገስ ከጣፊያው ነርቭ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

ነርቭ ሁሌም ያረጋጋል ማለትም ልክ አይደለም። የሕመም ነርቮች የሚለቁት ሰብስታንስ ፒ የሚባል ኬሚካል ማስት ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ቀስቅሶ ቆዳን ያቀላል፣ ያሳብጣል።

ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ በጥልቅ ተንፍሼ ቫገሴን አነቃቅቼ ቁርጥማቴን እፈውሳለሁ የሚል አለ። መተንፈሱ ማንንም አይጎዳም፤ ክፋቱ ለሩማቶይድ አርትራይተስ የታዘዘለትን ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ለዚያ ብሎ ማቆሙ ነው። በ2025 አሜሪካ ውስጥ ለሩማቶይድ አርትራይተስ የተፈቀደው የቫገስ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና አንገት ውስጥ የሚቀበር ነው፤ እሱም መድኃኒት ላልሠራላቸው አዋቂዎች።

የመጨረሻው፣ ብግነትን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ጥሩ ይመስለናል። ቲኤንኤፍ ግን የቲቢ ባክቴሪያን ከብቦ ለመያዝ ያስፈልጋል። ቲኤንኤፍን የሚዘጉ መድኃኒቶች ሰውነት ውስጥ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪሙ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ቢያዝዝ፣ ሳል የለኝም ብለው እንዳይከራከሩት።