ልክፍት የያዘው ክፉ ሰው ሲጻፍ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

አንድ ነገር ይዞት አልለቅ ያለው ክፉ ገጸ ባሕሪ ሲመጣ ስልኬን አስቀምጣለሁ። ጥሩ ሆኖ ከተጻፈ ማለቴ ነው። ቀሽም ሆኖ ከተጻፈ ግን ከሱ የባሰ አሰልቺ የለም። በተከታታይ ፊልምም በአኒሜም (በጃፓን አኒሜሽን) ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ። የአንዳንዶቹን መጨረሻ ስለማወራ ያላያችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መጀመሪያ፣ ልክፍትን ከጩኸት ጋር ማምታታት። ሰውዬው ማበዱን ለማሳየት ዓይኑን ያስፈጥጡታል፣ ያስካኩታል፣ ዕቃ ያሰብሩታል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ረጋ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረውን ዴዝ ኖት የተባለውን አኒሜ አስታውሱ። የነፍሰ ገዳዩ የላይት ያጋሚ ክፍል በድብቅ ካሜራ ተሞልቷል። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እያጠና ቺፕስ ይበላል። የቺፕሱ ከረጢት ውስጥ ትንሽዬ ቴሌቪዥንና ስሙ የተጻፈበትን ሰው ከሚገድለው ደብተር የተቀደደ ወረቀት አለ። ቺፕሱን እየቆረጠመ ሰው ይገድላል። ትዕይንቱ ትንሽ ተጋኗል፣ ስቄበታለሁም። ግን ሰውዬው ምን ያህል እንደተዘጋጀ አሰብኩና ሳቄ ቆመ። የተለከፈ ሰው ከሁላችንም በላይ ይዘጋጃል።

ሁለተኛው ፍላጎቱን ማስፋት ነው። "ዓለምን እገዛለሁ" የሚል ሰው ልክፍቱ አይታየኝም፤ የሥራ ዕቅዱን የሚያነብልኝ ነው የሚመስለኝ። ልክፍት ጠባብ ነው። ስም አለው፣ መልክ አለው። ሚራይ ኒኪ በሚባለው አኒሜ ውስጥ የዩኖ ጋሳይ ማስታወሻ የምትወደው ልጅ ዩኪቴሩ የሚያደርገውን በየ10 ደቂቃው ይመዘግባል። ይህን ካወቅን ወዲያ "እንዴት እንደምትወደው ብታውቁ!" የሚል ንግግር ማን ይፈልጋል?

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ልክፍቱ ምንም ዋጋ የማያስከፍል ሲሆን ነው። ገጸ ባሕሪው "ለዚህ ሁሉንም እሰጣለሁ" ይላል፤ ምንም ሲሰጥ ግን አናይም። ዕቅዱ ይሰምርለታል፣ ብልጠቱም አይጓደልበትም። እንዲህ ከሆነ አይዋጥልኝም።

ብሬኪንግ ባድ የተባለው ተከታታይ ፊልም ይህን እንዴት እንደሠራው ተመልከቱ። የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴው ጉስ ፍሪንግ ጥንቃቄው ራሱ ነው መለያው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የዶሮ ጥብስ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ በፈገግታ የሚቀበል ሰው። በአራተኛው ምዕራፍ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል መኪናው ላይ ቦምብ ተጠምዶበታል። ወደ መኪናው እየሄደ ሳለ መንገድ ላይ ቆም ይላል። ዙሪያውን ያያል። ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ግን አንድ ነገር ሸቶታል። ዞሮ ይመለሳል።

በቀጣዩ ክፍል ያው ሰው በገዛ እግሩ ወደ ሌላ ቦምብ ይሄዳል። ለምን? ሄክተር ሳላማንካ እዚያ ስላለ። ሄክተር ከብዙ ዓመት በፊት የጉስን ባልንጀራ ማክስን ዓይኑ እያየ ገድሎበታል። አሁን ሽባ ሆኖ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፤ ቃል አይወጣውም፣ ደወል ብቻ ይመታል። ጉስ ግን ቶሎ እንዲሞትለት አልፈለገም። እየሄደ የቤተሰቡን መርዶ ይነግረዋል፣ ዓይኑን እንዲያየው ይጠይቀዋል። ሄክተር አያይም። ጉስ ሊገድለው ሲወስንም ለሰው ማዘዝ ይችል ነበር፤ ራሴ ካልሄድኩ ብሎ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሄክተር ቀና ብሎ አየው። ጉስ ስንት ዓመት የለመነውን አገኘ፣ ወዲያው ከቦምቡ ጋር የተያያዘው ደወል ተመታ። ጥንቃቄው የሚከዳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ልክፍቱ ያለበት ቦታ።

ያለፈ ታሪክ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰውዬው ሊሞት ሲል ሆዳችን እንዲባባ የልጅነቱን መከራ ማምጣት የተለመደ ነገር ነው፤ ይቅር። ሞንስተር የሚባለው አኒሜ 74 ክፍል አለው፤ የክፉው ገጸ ባሕሪ የዮሃን ያለፈ ታሪክ ግን በቁርጥራጭ፣ አብዛኛውን ከሌሎች አፍ ነው የምንሰማው። ዮሃን ራሱ ብዙ አይታይም። ስለማይታይ ነው እያንዳንዱን በር የምንፈራው።

የመጨረሻው ትንሽ ረቂቅ ነው፤ በተለከፈው ሰው ዓይን ብቻ ማሳየት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው "ዩ" የተባለ ተከታታይ ፊልም በተለከፈው በጆ ጎልድበርግ ድምፅ ይተረካል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ቀልድ ያውቃል፣ ሁሉን ነገር በፍቅር ያሳብባል። ብዙ ተመልካች ስለወደደው ተዋናዩ ፔን ባድግሌይ ራሱ በትዊተር "ነፍሰ ገዳይ እኮ ነው" ዓይነት መልስ ለመስጠት ተገዷል። ታዲያ ድምፁን አስጠሊታ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ማማረኩ ነው ጉልበቱ። ፊልሙን ያዳነችው ጆ የተለከፈባት ሴት ቤክ ናት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ከመጻሕፍት መደብሩ ምድር ቤት ባለው የመስታወት ክፍል ተዘግታለች። እሱ አሁንም ለእሷ ብሎ እንደሚያደርገው ያወራል። ከዚያ ትዕይንት የእሷን ፊት ብትቆርጡት የሚቀረው የፍቅር ፊልም ነው።